ተቀባይ ያጣ ዘፈን

አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር። ሰንበቴ ገበያ ሳይሄድ የቀረበትን ቀን በሰፈራችን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እኔ የተወለድኩ ዕለት እንኳ እዚያው ከአንድ አፋር ጋር በአንዲት ጊደር ሲከራከር ነው የዋለው። እናቴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች። እሱም «ጊደሯ ጥሩ ነበረች» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ «የሙዚቃ ክበብ ገብቻለሁ» ብዬ መንገር የነበረብኝ። ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሒሳብስ እንዴት ነው?» አለኝ። ለጊዜው በዚህ አለፈ።

ክበቡን ያቋቋመው በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። ሁሉንም አስተማሪ ቲቸር እያልን የምንጠራ ቢሆንም ክበባችን ውስጥ «ቲቸር» ከተባለ እሱ ብቻ ነበር። ቀጭን ነው፣ የከሚሴ ሙቀት ያልተስማማው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ጀርባው ላይ የተለጠፈ። ይዞት የመጣው ኪቦርድ ግማሹ አይሠራም፤ የሚሠራው ግማሽ ደግሞ አንዳንዴ ብቻ ነው። ክራር እሱ አመጣ፣ ከበሮ እኛ አመጣን፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበት መጋዘን ተፈቀደልንና ልምምድ ጀመርን።

ሐቁን ልናገር፣ ቲቸር ጎበዝ ነበር። ስለ እኛ አገር ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በእኛ ዘንድ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሠርግም ይሁን፣ የማሽላ አጨዳ ደቦም ይሁን፣ መንዙማም ይሁን እንዲሁ ነው። አውጪ ተቀባይ ካጣ አለቀለት፤ ወይ ሰው ጠልቶታል፣ ወይ አብዷል። እናቴ በጣም የተናደደችበትን ሰው «ተቀባይ ያሳጣህ» ብላ ነው የምትራገመው። ምርቃት ሲሆንማ ጭራሽ ይብሳል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ሰምቶ አሚን የማይል የእኛ የጨፋ ሜዳ ሰው ካለ እሱ ምላሱን ታሟል።

ቲቸር የሚፈልገው ሌላ ነበር። ሰው ዝም ብሎ እንዲሰማና ሲያልቅ እንዲያጨበጭብ። «ኮንሰርት ማለት መስማት ነው» ይል ነበር። ዝምታን ከሚሴ መጥቶ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ግን ማን ይንገረው።

የመጀመሪያውን ኮንሰርት ኅዳር ላይ በትምህርት ቤቱ ሜዳ አቀረብን። ከበሮው ሁለቴ እንደተመታ ተማሪው በሙሉ መቀበል ጀመረ። ከበሮ መቺዎቹ ሞቅ ሲላቸው የተለማመድነውን ረስተው ወደ ለመዱት ወደ መንዙማው ምት ገቡ። ቲቸር እጁን እያወናጨፈ «ቀስ! ቀስ!» ሲል፣ ልጆቹ «ፈጠን» ያላቸው መስሏቸው ባሰባቸው። ዳይሬክተሩ ራሱ ከመቀመጫው ተነስቶ ትከሻውን እየነቀነቀ ነበር። ቲቸር ሦስት ቀን አኮረፈን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በእልህ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ዝምታን ያስተምር ጀመር። ያልታዘዘ ይንበረከካል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በመንፈቁ ኮንሰርት ላይ ተማሪው ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ አጨበጨበ። መድረክ ላይ ቆሜ ሳየው፣ ወላሂ፣ ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ቲቸር ግን በደስታ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ለዓመቱ መጨረሻ የወላጆች በዓል ደግሞ አዲስ ዘፈን ሠራ። ዜማው የሱ፣ ግጥሙ የእኛ፣ ስለ ቦርከና ወንዝና ስለ ዝናብ። መሀል ላይ ሲደርስ ኪቦርዱም ክራሩም ከበሮውም ቀጥ ይላል፤ እኔ አራት ስንኝ ብቻዬን እዘፍናለሁ። «ሶሎ ይባላል፤ የዘፈኑ ነፍስ እዚህ ጋ ናት» አለኝ። መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም ዝም ሲሉ ድምፄን ለብቻው ሰማሁት፤ የኔ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ስቀዳም፣ መንገድ ላይም፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥም እነዚያን አራት ስንኞች ነበር የማስበው። በዓሉ ካማረ ደሴ ለትምህርት ቤቶች ውድድር እንደምንሄድም ቲቸር ነገረን።

ይኼኔ ነው ወሬው አባቴ ጆሮ የደረሰው። አንዱ ወዳጁ ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቆ «ልጅህን አዝማሪ አደረግካት አሉ» አለው። አባቴ ቤት ገብቶ እራቱን በላና እጁን ታጠበ።

«ደሴ የሚባለው ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ሶሎውንም ጨምሬ ነገርኩት፤ አፌ አያርፍ።

«ብቻሽን? ሌሎቹ ምን ሆነው?»

«እነሱ ያቆማሉ።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም እነዚህ?» አለና ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ሠርግ ላይ ስታወጣ ሰፈሩን የምታናውጥ ሴት ናት፤ እሷን ፊት ለፊት አስቀምጦ ዘፈን ነውር ነው ሊል አልቻለም። ትንሽ አሰበ። «በዓሉ ላይ መጥቼ እሰማታለሁ። ከዚያ እቆርጣለሁ፤ ደሴውንም፣ ክበቡንም» አለ። አባቴ ቆረጠ ማለት ቆረጠ ነው፤ ሰንበቴ ላይ ዋጋ ከጠራ በኋላ ንቅንቅ ሲል ያየው የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የበዓሉ ቀን ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተቀመጡ። አባቴ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ፊቱ የታመመ በሬ ሊሸጡለት እንደመጡበት ሰው ነው። ቲቸር ወጥቶ ወላጆችን ስለ ዝምታ በትሕትና አስረዳ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ግን የገባቸው አይመስለኝም።

ጀመርን። አማረ። ከበሮው አልሮጠም፣ ኪቦርዱም ተባበረ። ያ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ቀጥ አለ። እኔም ብቻዬን አወጣሁት፦

«ቦርከና ሙላልን፣ ጨፋ ይሁን ለምለም፣
የሄደ ነጋዴ ይመለስ በሰላም...»

ሜዳው ጸጥ አለ። ቲቸር ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ግን አባቴን ነበር የማየው። መጀመሪያ ከበሮ መቺዎቹን አየ፤ እጃቸውን አጣምረዋል። ባለክራሩን አየ፤ መሬት መሬት ያያል። ሕዝቡን አየ፤ አንድም የሚቀበል የለም። ፊቱ ተለዋወጠ። ጓደኞቿ ከዷት ብሎ እንዳሰበ ያኔ አላወቅኩም፤ የተቆጣ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ከዘራውን ተደግፎ ብድግ አለ። አለቀልኝ፣ ከመድረክ ሊያወርደኝ ነው አልኩ።

«አሚን!» አለ።

ገበያ መሀል ከብት በሚጠራበት ድምፅ። ከዚያ ስንኙን ራሱ ተቀበለኝ፤ የአባቴን ዜማ አታንሱት፣ ቦርከና ራሱ ሰምቶ ሳይደነግጥ አይቀርም። ግን ተቀበለኝ። ሽማግሌ ተነስቶ እየተቀበለ ማን ዝም ይላል? የፊተኛው ረድፍ በሙሉ አሚን አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ስንት ጊዜ የተንበረከከው ተማሪ የዓመቱን ትምህርት ባንድ አፍታ ረሳው። ከበሮውም ሮጠ። ቲቸር ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ኪቦርዱ ሥር ቁጭ አለ።

ሲያልቅ ቲቸር የሆነ ነገር ሊል ወደ አባቴ መጣ። አባቴ ቀደመው። «የኔ ልጅ፣ ሰው ነህ ብዬ ነው ልጄን በአደራ የሰጠሁህ። እነዚህ ልጆች እንዲህ በሰው ፊት ጥለዋት ሲቆሙ አንተ ዓይንህን ትጨፍናለህ?» አለው።

ወደ ቤት አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሄድን። ሲጨንቀኝ ጊዜ «አባ፣ አልጣሉኝም እኮ። ተነጋግረን ነው፤ ማቆማቸው ነው ውበቱ» አልኩት።

ቆመ። «ብቻሽን እንደምትቀሪ እያወቅሽ ነው የወጣሽው?»

«አዎ።»

«ደሴም እንዲሁ ያቆማሉ?»

«ያቆማሉ።»

ከዘራውን መሬት ላይ አጫወተ። «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ። እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩ፤ ያየኝ ይመስለኛል።

ውድድሩ በሰንበቴ ገበያ ቀን ዋለ። እናቴ ይህን ስትሰማ «አይ፣ ይቀራል» አለች። አልቀረም። ነጭ ኩታውን ለብሶ ከእኛ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ቲቸር ከከሚሴ ከተነሳን ጀምሮ «አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ደሴ ላይ ዝም ይበሉልኝ» እያለ ለመነው፤ ሐርቡ ስንደርስ አባቴ እሺ አለ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ቀጥ ሲሉ እኔ ብቻዬን አወጣሁ። አባቴን ፈለግኩት። አፉን ገጥሟል፣ ቃሉን ጠብቋል። ሁለት እጆቹን ግን ዱዓ ላይ እንዳለ ሰው ደረቱ ፊት ዘርግቷቸው ነበር።

ሦስተኛ ወጣን። የተወዳደርነው አራት ነበርን።

በቀጣዩ ገበያ አብሮት የሄደው ወንድሜ እንደነገረኝ፣ የሰንበቴ ነጋዴዎች አባቴን ሲያዩ ከበቡት። ሞቷል ያለም ነበር አሉ። ያ በእኔ ልደት ቀን የተከራከረው አፋር ሳይቀር እጁን ይዞ «ምን ሆነህ ነው የቀረኸው? አሞህ ነበር?» አለው።

አባቴ የአንዱን ወይፈን ጥርስ ገልጦ እያየ ነበር። «አይ፣ ደህና ነኝ» አለ። «ልጄ ብቻዋን ስለነበረች ነው።»