ማርታ የምትባል ሴት የለችም

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አራዳ ውስጥ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተጀመረ። የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት አቶ ጌታሁን "ተቀመጪ" እንኳ ሳይሉኝ፣ "ብሎግ ትጽፊያለሽ ሲሉ ሰማሁ። እኛን ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አያገኘንም። አስገኚን" አሉኝ። ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ስለ ከተማዬ የምጽፋትን ብሎግ አይተው ነበር የጠሩኝ። የሥራ መደቤ "የይዘት ባለሙያ" ተባለ። ባለሙያዋም እኔ፣ ክፍሉም እኔው ነበርኩ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ መንገደኛው መፈለጊያው ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታጠናላችሁ፤ ቁልፍ ቃል የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ጥያቄውን በትክክል የሚመልስ ገጽ ትጽፋላችሁ። ቀጥሎ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ገጻችሁ የሚመራ ሊንክ እስኪሰጧችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ሊንክ የበዛለት ገጽ መፈለጊያው ላይ ቀድሞ ይወጣል። ብዙው ሰው መሃል ላይ ያለውን፣ የመጻፉን ሥራ ይዘለዋል። ከሌላ ገልብጦ፣ ቃል ለዋውጦ ይለጥፋል። እኔ ይህን ስለምጠላ በእግሬ ሄድኩ።

አያ ታምሩን ያገኘኋቸው እንዲህ ስዞር ቁስቋም ላይ ነው። የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲጠብቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሴ እስኪያልቅ ጎብኚ የት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ጫማ የት እንደሚወለቅ፣ በክረምት የትኛው ግንብ ሥር መቆም እንደሚያሰጋ ነገሩኝ። ስሜን ሲጠይቁኝ "ዘይነባ ሰዒድ" አልኳቸው።

"የጨርቅ ነጋዴው የሰዒድ ልጅ ነሽ? ልጄን የዳርኩት ከሱ ሱቅ በገዛሁት ልብስ ነው። እንግዲያማ ላንቺ ምን እደብቃለሁ!" ብለው የልጅነታቸውን ጨዋታ፣ የእናታቸውን ወግ ሁሉ ዘረገፉልኝ።

"አያ ታምሩ እንደነገሩኝ" እያልኩ ጻፍኩት። ከላዩ ስሜ ነበር። ከወራት በኋላ ስለ ቁስቋም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ገጽ ሆነ። ስልኩ አላርፍ አለ። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው እንግዳ ሳይቀር በእኛ በኩል መመዝገብ ጀመረ። አቶ ጌታሁንም ደስ አላቸው።

አንድ ቀን አያ ታምሩ ደወሉ። ትልቁ ልጃቸው ጽሑፉን ከስልኩ እያነበበላቸው ነበር።

"ምነው ዘይነባ፣ የነገርኩሽን ለሰው አሳልፈሽ ሰጠሽው?"

"ለማን ሰጠሁት አያ ታምሩ?"

"ማርታ የምትባል ሴት 'አያ ታምሩ ነገሩኝ' ትላለች። እኔ ማርታን ባይኔም አይቻት አላውቅ።"

ገጹን ከፈትኩት። ስሜ የለም። በቦታው "ማርታ" ይላል፤ ከጎኑ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ አለ። በምስል መፈለጊያ ሳጣራው ያችው ሴት የጥርስ ሳሙና ስታስተዋውቅ አገኘኋት። ደሜ ፈላ።

አቶ ጌታሁን አልካዱም። "የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ላይ ያንቺ ስም ሲወጣ እንግዳውን ግራ ያጋባዋል። አንቺ ምንሽ ተነካ? ደመወዝሽ ያው ነው።"

"ማን ነው ግራ የተጋባው? ቅሬታ ያቀረበ ሰው አለ?"

"እስኪያቀርብ መጠበቅ አለብኝ?"

"እኔ ቁስቋም ሥር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እሳቸውም የነገሩኝ ማን እንደሆንኩ አውቀው ነው። ወይ ስሜን ይመልሱ፣ ወይ የአያ ታምሩን ቃል ያውጡት።"

"ጽሑፉ የድርጅቱ ነው። ውልሽን አንብቢ።"

ውሉ እሳቸው እንዳሉት ነው። ጽሑፉ የድርጅቱ እንዲሆን ፈርሜያለሁ። ግን ያልተፈጠረች ሴት እኔ በቆምኩበት ቆማ፣ እኔ የሰማሁትን ሰማች ይባል ብዬ የፈረምኩት ነገር የለም። የዚያኑ ዕለት ለቀቅኩ። ያስለቀቀኝ ንዴት ነው፤ አላፍርበትም።

ቁስቋም ሄጄ ለአያ ታምሩ ነገሩን አስረዳሁ። ሰምተው ሲጨርሱ "በይ ተቀመጪ፤ እንደ አዲስ እነግርሻለሁ። ስምሽንም ከነአባትሽ ጻፊው" አሉኝ። በራሴ ስም ባስመዘገብኩት የድረ ገጽ አድራሻ ላይ ሌላ ገጽ ጻፍኩ። ያችን ገጽ ያዩ ሆቴሎች አማክሪን ይሉኝ ጀመር፤ ዛሬ የምተዳደረው በዚሁ ነው።

ንዴቴ ግን አልበረደም። የማርታ ገጽ ስለቆየና ብዙ ሊንክ ስላለው ዛሬም ከእኔ በላይ ይወጣል። በቅርቡ ከደባርቅ የመጣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ገጽ አሳየኝ።

"ሸጋ አድርጋ ነው የጻፈችው። አንቺም እንዲህ ትችያለሽ?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ስሙን አየ፤ ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተና "እሺ፤ እሷን ግን የት ነው የማገኛት?" አለኝ።

ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ ውል ስትፈርሙ ጽሑፉ በማን ስም እንደሚወጣ ውሉ ላይ አስጽፉ።