ጉና ላይ የተከልነው ድንኳን

ባሌ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ጎብኚዎችን ይዞ ተራራ ወጥቶ፣ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አይቶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰው ሠርቶ ሠርቶ ለምን አንድ ቀን ሜዳ ላይ ተጋድሞ አያርፍም ይለኛል። «ሜዳ አጣህ? ከወረታ እግርህ ሲወጣ ፎገራ ሙሉ ሜዳ ነው» እለዋለሁ። እሱ ግን የፈለገው ደጋ ነው፤ ወባ የሌለበት፣ ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት የተከለከለበት ቦታ። በመጨረሻ ጉና ተራራ ይሁን አለ።

እኔ የተስማማሁት ለእናቴ ስል ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአገር ወጥቶ ባሕር ሲሻገር ጀልባቸው ሰጠመች። ከዚያ የተረፈ የጎረቤት ልጅ ደውሎ በዓይኑ ያየውን ነግሮናል። እናቴ ግን አልተቀበለችም። እሷ የምትኖርበት ቁሐር ሚካኤል ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ደጅ ድረስ ይገባል፤ ወንድሜም ጎርፍ ሩዙን ሲውጠው ዋኝቶ ጥጃ የሚያወጣ ልጅ ነበር። «የፎገራን ልጅ ውኃ አይወስደውም» ትላለች። ድንኳን እንዳይተከል፣ እኛም ጥቁር እንዳንለብስ ከለከለችን። ዘመድ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ «ማን ሞተና?» ብላ ከበር ትመልሰዋለች። እሷ ካልፈቀደች እኛ ማልቀስ አልቻልንም። ወንድሜ ሳይለቀስለት ዓመት አለፈው፤ ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እሷም ከቤት አልወጣ ብላ ስልክ ስልክ እያየች ከሳች፤ ለአንድ ቀን እንኳ ትውጣልኝ ብዬ ነው።

ወረታ የጎብኚ ድንኳን የሚሸጥ ስለሌለ ባሌ ነጭ ሸራ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ አሰፋ። እናቴን ልንወስዳት ስንሄድ ሸራውን ሚኒባሱ ላይ አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔን ሳትነግሩኝ ልትተክሉ ነው?»

«ኧረ የዕረፍት ነው እማዬ! ደጋ ወጥተን አየር ልንቀበል ነው።»

«በድንኳን ዕረፍት ደግሞ ከየት መጣ» ብላ አኮረፈች። ልጆቼ ቀሚሷን ይዘው ሲለምኗት ግን አላስችል አላትና አጎበሯን ጠቅልላ ተሳፈረች። በጉና ውርጭ ቢንቢ አይኖርም ብላት ማን ሊሰማኝ።

ደብረ ታቦርን አልፈን ሽቅብ ወጣን። የተራራው ጥበቃ ከመንገዱ ብዙ ሳንርቅ ማረፊያ አሳየን፤ የጓሳ ሣሩ እንዳይነቀል፣ እሳትም ከድሮው አመድ ውጭ እንዳይነድ አስጠነቀቀን። ከበላያችን ረጅሙ የጅባራ ተክል ቆሟል፤ ከበታቻችን የገብስ ማሳና ጥቂት ቤቶች ይታያሉ። ባሌ የእድራችን ድንኳን ተካይ ነው፤ ሌላ አተካከል አያውቅም። እንደለመደው ፊቱን ወደ መንገዱ ከፍቶ ተከለው፣ መቀመጫ ድንጋይም በረድፍ ደረደረ። «ስንት ሰው ጠርተሃል?» ብዬ ሳቅሁበት። ሲመሽ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆነ። ብርዱ አላስቆም ስላለን ድንኳኑን ትተን ሁላችንም ሚኒባሱ ውስጥ ተቃቅፈን አደርን።

ጠዋት እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ድንኳኑ አፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። «እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ» አለችኝ። እንዲህ ካለች ስንት ጊዜዋ! ደስ አለኝ።

የለቅሶ ድምፅ የሰማነው ያኔ ነው። ከታች ካሉት ቤቶች ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አገልግል ተሸክመው፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ዳገቱን ይወጣሉ። ወደ ማን እንደሚሄዱ ዞር ብዬ አየሁ። ከኛ ሌላ ሰው የለም። መጥተው በረድፍ የተደረደረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሲያለቅሱ ቆዩ።

በዕድሜ የገፉት ሴት ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እናቴ ተጠጉ። «እግዜር ያጽናዎ እሜቴ። ኸታች ሆነን መኪና ቆሞ ድንኳን ተተክሎ ብናይ፣ መኪና ሰው ጨርሶ ነው አልን። ባገራችን ሰው የለውም፣ ብቻውን አያልቅስ ብለን ነው። የማን ሐዘን ነው?»

ባሌ እንደ በርበሬ ቀላ። «ኧረ እናቶቼ፣ ሰው አልሞተብንም፣ እኛ እኮ ለሽርሽር...»

«አንተ ዝም በል» አለችው እናቴ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። እንደ ዘመዶቻችን ልትመልሳቸው ነው፤ ያውም እዝን ይዘው ይህን ዳገት የወጡትን፣ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሰው ያለቀሱትን። እናቴ አገልግሉን አየች። የሴትዮዋን ጭቃ የነካው እግር አየች።

«የልጄ ነው» አለች። «ባሕር ወሰደብኝ። ዋና ያውቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። እናቴ ደረቷን ስትመታ፣ ሴቶቹ እጇን ሲይዟት፣ እኔም ዓመት ሙሉ የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ ስጮህ ትዝ ይለኛል። ባሌ ሚኒባሱን ተደግፎ ያለቅሳል። ሲረጋጋ ሴቶቹ አገልግሉን ፈቱና የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በየተራ አጎረሱን። ስለ ወንድሜ ጠየቋት፤ እሷም ከልጅነቱ ጀምራ ነገረቻቸው፣ እንዲያውም አንዱን ጥፋቱን ስታወራ ፈገግ አለች።

ከሰዓት በኋላ መርቀውን ወረዱ፤ እኛም ሸራውን አጥፈን ጉዞ ጀመርን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ስልኬ ኔትወርክ ሲይዝ እናቴ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ለአክስትሽ ደውይላት። ነገ ቁሐር ድንኳን እንተክላለን በያት።»

ደወልኩ። አክስቴ «አቤት፣ ምን ሆናችኋል?» ስትል፣ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ራሷ «ልጄ ሞቷል» አለቻት።