የማክሰኞ ሽሮ

እኔን የማያውቅ ሰው ፋብሪካችን ውስጥ የለም። ዘበኛው ያውቀኛል፣ ሥራ አስኪያጁ ያውቀኛል፣ የግቢው ውሻ እንኳን ሌላው ሲገባ ይጮኻል፣ እኔ ስገባ ጭራውን ይቆላል። ጉራ አይደለም፣ የሆነውን ነው የማወራው። ትምህርት ላይ ግን እንዲህ ታዋቂ አይደለሁም። አምስተኛ ክፍልን ስለወደድኳት ሁለቴ ተማርኳት። ስድስተኛ ክፍል ጋር ግን አልተግባባንም፣ በሰላም ተለያየን። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ እለፉኝ፣ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

የምጽፈው ደግሞ ስለ ሽሮ ነው። አትሳቁ። እኔ የአንኮበር ልጅ፣ ሥጋ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰውዬ፣ ጥብሱ እየሸተተኝ ማክሰኞ ለምሳ ሽሮ ነው የምበላው። ለምን እንደሆነ ላውራችሁ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ጆንያ ፋብሪካ ነው። ማሽኖቹ ይሸምናሉ፣ እኛ መጨረሻ ላይ ቆመን እናጣጥፋለን፣ እናስራለን፣ እንጭናለን። እኛ ማለት አራት ሰው ነን። አንዱ እኔ ነኝ፣ ዋናው ማለት ነው። ሁለተኛዋ እትዬ ናቸው፣ የደብረ ሲና ሰው፣ እናቴን የሚያክሉ፣ ጆንያ ሲያስሩ ወንድ የሚያስንቁ። ሦስተኛው ከሶዶ የመጣ ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ እየጫነ ይዘምራል። አራተኛው ቆለኛው ነው።

ቆለኛው እያልኩ የምጠራው ከአንኮበር ሥር ካሉት የአርጎባ መንደሮች ስለመጣ ነው። እሱም እኔን ደገኛው ነው የሚለኝ። እናንተ አንኮበርን አይታችኋት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ገደሉ አናት ላይ ነን፣ እነሱ እታች ሙቀቱ ውስጥ። ልጅ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ቆርቆሮው ብልጭ የሚለው ያ ሁሉ መንደር የነሱ ነው። ይኸው አድገን ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ አንድ ጆንያ በሁለት ጫፍ ይዘን ተገናኘን።

መጀመሪያ የመጣ ሰሞን በብርዱ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«ደገኛው፣ እናንተ ግን እዚህ አገር ምን በድላችሁ ነው?» አለኝ።

«እኛማ ቆንጆ ሆነን እንድንቆይ ነው። ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ አይበላሽም አይደል?»

«ወላሂ አንተ ሳትገባ ነው የተበላሸኸው!»

እትዬ ሳቃቸው መጥቶ የያዙትን ገመድ ለቀቁት። የዚያን ዕለት ነው ጓደኛዬ የሆነው። በቀልድ የሚበልጠኝ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም፣ እሱም ትንሽ ነው የበለጠኝ።

ያኔ ክበብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ምሳ ዕቃ ይዘን ነው የምንመጣው። የታሰረ ጆንያ እንደ ጠረጴዛ ይደረጋል፣ እትዬ ትሪያቸውን ከማሽኑ ጀርባ ያወጣሉ፣ ሁሉም ያመጣውን ይገለብጣል። የኔ ሽሮ ነው። የቆለኛው ሽሮ ነው፣ የማሽላ እንጀራ ያለው። የእትዬ ሽሮ ነው፣ አንዳንዴ ስልጆ ይጨምሩበታል፣ ያ ስልጆ ሰናፍጩ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አንጎል ነው የሚያንኳኳው። የሶዶው ልጅ ሽሮ ከዳጣ ጋር ያመጣል። ቆለኛው ቢስሚላህ ይላል፣ እትዬ አማትበው ይባርካሉ፣ የሶዶው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ይጀምራል። እሱ ዓይኑን እስኪገልጥ እኔ ከሱ በኩል ያለውን ጨርሻለሁ።

የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ጣጣ እኛ ጋ አልደረሰም። ሥጋውስ ከየት መጥቶ! ጾምም ይሁን ፍስክ ሽሮ ነው። ማንም ማንን አካትቶ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ትሪው አንድ ነበር።

ከዚያ ስልጠናው መጣ። ከአዲስ አበባ አዲስ የሰው ሀብት ኃላፊ ተቀጥራ ነበር፣ ወጣት ናት፣ ስትናገር ድምጿ ለስለስ ያለ። ሽፍቱን ሁሉ ጥሬ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሰብስባ ማይክ ያዘች። ብዝሃነት አለች፣ አካታችነት አለች፣ ሠራተኛ ሁሉ ቤቴ ነው ብሎ የሚሰማው መሥሪያ ቤት አለች። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ እኔ ገብቶኛል። ሰው በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ በመጣበት አገር እንዳይሸማቀቅ ነው ነገሩ። ጎረቤቴ የነበረ ልጅ ሌላ ቦታ ሲሠራ በአነጋገሩ ሲስቁበት ጥሎ ወጥቷል፣ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር አይናቅም።

እየተናገረች እኛ ጋ ደረሰችና ቆለኛውን አየችው።

«ወንድሜ፣ አንተ ምን ይጎድልሃል?»

«ኧረ ምንም። አልሃምዱሊላህ።»

«አትፍራ፣ ንገረኝ። ምሳ እንዴት ነው የምትበላው?»

«አብረን ነዋ።»

«እሺ፣ ለናንተ የተለየ ኩሽና፣ የራሳችሁ ሥጋ፣ የራሳችሁ መስኮት ቢኖር ደስ አይልህም?»

እንግዲህ ሰው ፊት ቆመህ፣ ማይክ አፍህ ላይ ተደቅኖ፣ ሥጋ ትፈልጋለህ ወይ ስትባል አልፈልግም ይባላል? «ደስ ይለኛል» አለ። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኔማ አፏጨሁ። ጥብስ ታይቶኝ ነበር።

እውነትም ቃሏን ጠበቀች። ክበብ ተሠራ። ሁለት ኩሽና፣ ሁለት መስኮት፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ዋጋውም ለኪስ የሚቻል። የተከፈተ ቀን ፋብሪካው ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ቆለኛው በመስኮቱ፣ እኛ በመስኮታችን ተሰለፍን። ሳህኖቻችንን ይዘን እንደ ልማዳችን አንድ ጠረጴዛ ከበብን።

ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉኛላችሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናችሁ። እኛም እንደዚያ ነው ያልነው። ግን እጃችን አይገናኝም። እትዬ የሳቸው መረቅ የቆለኛው ሳህን ላይ እንዳይፈናጠቅበት ብለው ሳህናቸውን ሳብ ያደርጋሉ። እሱ ደግሞ እትዬ እንዳይሳቀቁ ብሎ የሱን ሳብ ያደርጋል። አንዱ ለሌላው ሲጠነቀቅ፣ ሲከባበሩ፣ ሳህኖቹ ቀስ እያሉ ጠረጴዛው ጠርዝ ደረሱ። እኔም ቀልድ ጀምሬ ጉርሻ ልዘረጋለት ስል ሥጋ መሆኑ ትዝ ይለኝና እጄ አየር ላይ ይቀራል። ጉርሻ ይዞ አየር ላይ እንደመቅረት የሚያሳፍር ነገር የለም፣ መልሼ ራሴው እጎርሰዋለሁ።

አንድ ቀን ከሱ መስኮት የሚበሉ የሌላ ክፍል ልጆች ጠሩትና እዚያ ሄደ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ምንም አልልም፤ ግን ሹራብ ለብሶ ሳይቀልድ ሲበላ ነው የማየው። በኋላ እነሱ ሽፍት ሲቀይሩ ጥግ ላይ ብቻውን ቀረ። እትዬ ትሪያቸውን ወደ ቤት ወሰዱት።

የሚያገናኘን ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሆነ። ጾም ነዋ! ያን ቀን እኛ ሽሮ፣ እሱም ከመስኮቱ ሽሮ ያነሳና አንድ ላይ እንገለብጣለን። አንድ ዓርብ በር ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ስቦ እንዲህ አለኝ፦

«ደገኛው፣ እኔ እኮ ይሄን ብርድ የምችለው በሰው ነው። ብቻዬን የምበላ ከሆነ ቤቴ ወርጄ ብበላ አይሻለኝም?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወሩ ሲያልቅ እወርዳለሁ።»

ሳቅኩኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳይሆን ሌላ የምሆነው ጠፍቶኝ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በበነጋውም በበነጋውም ይሄንኑ ሳስብ ከረምኩና፣ አንጎሌ አምስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ ስለሆነ አንድ ነገር ብልጭ አለለት።

ማክሰኞ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። «ጥብስ?» አለችኝ የክበቧ ሴትዮ።

«ሽሮ። የጾም።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!»

«የነፍስ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ነው።»

ቤቱ ሰማ። እትዬ ተጠጉና በጆሮዬ «ምን አጥፍተህ ነው አንተ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቢነገር ክበቡ ይዘጋል።»

«በስመ አብ! ሴት ነው?»

«ሴት ቢሆንማ ይሄን ያህል አይከብድም ነበር።»

የሶዶው ልጅ ጉንጩ በጥብስ ተወጥሮ «ጌታ ይቅር ይበልህ ወንድሜ» አለኝ፣ ከልቡ ነው ያዘነልኝ። እኔ ሽሮዬን ይዤ ቀጥ ብዬ ጥጉ ጋ ሄድኩና ቆለኛው ፊት ተቀመጥኩ። የሱ ሳህን ላይ ጥብስ ነበረ። ሽሮዬን አየ፣ እኔን አየ። ተነሳ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ጥብሱን መልሶ ሽሮ ይዞ መጣና የኔ ላይ ገለበጠው።

«አንተ ደግሞ ሥጋውን ምን ሆነህ ተውከው?» አልኩት።

«ሐኪም ከልክሎኝ።»

«የትኛው ሐኪም?»

«ያንተን ቀኖና የሰጡት ቄስ ወንድም ነው።»

ጉርሻ ጠቅልዬ አፉ ውስጥ ጠቀጠቅኩበት፣ ዝም እንዲል። እሱም መለሰልኝ። የሱ ጉርሻ ከኔ ይበልጣል፣ ይሄን ብቻ አልክድም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን ሁሌ ሽሮ ሆነ። ወሩ አለቀ፣ አልወረደም። ሌላው ወርም አለቀ። ክረምቱ ገባ፣ ጉሙ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ አብሮን ጆንያ የሚያጥፍ እስኪመስል። እትዬ አንድ ሐሙስ ትሪያቸውን ይዘው ከች አሉ፣ ስልጆም አለ። «ለኃጢአተኛ ማዘን ነው እንጂ!» ብለው ተቀመጡ። የሶዶው ልጅ ሥጋ መተው አልሆነለትም፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይጨርስና እጁን ታጥቦ ዳጣውን ይዞ ይመጣል። እንደድሮው አልነበረም ብል እዋሻለሁ፣ እንደድሮው ነበረ።

ለቡሄ አንኮበር ወጥቼ ስለነበር ለእውነተኛው የነፍስ አባቴ ነገሩን አጫወትኳቸው፣ በስማቸው ዋሽቻለሁና። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «እንግዲያውስ ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

መስከረም ላይ ነው ለቆለኛው የተደወለለት። የአባቱ ዓይን ደክሟል፣ እርሻው ሰው ይፈልጋል፣ ከልጆቹ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ለብርድ ቢሆን ጋቢ አለኝ፣ ለብቸኝነት ቢሆን ሽሮ አለኝ። ለአባት ዓይን ምን ልበለው? መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መንገዱን ሙሉ ስቀልድ ነበር፤ ሚኒባሱ ሞተር ሲያስነሳ ግን ቀልዱ አለቀብኝ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በመስኮት ወጣ ብሎ «ደገኛው፣ አሁንማ ጥብስህን ብላ እንጂ!» አለኝ።

«ቀኖናዬ አላለቀም» አልኩት።

አንዳንዴ ይደውላል፣ ኔትወርኩ ቢስሚላህ ሲል ይመጣና ሁለት ቃል ሳንነጋገር ይሄዳል። ለበዓል አንኮበር ስሄድ ገደሉ ጫፍ ላይ እቆማለሁ። ቁልቁል ማሽላው፣ ጭጋጉ፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ። የሱ የትኛው እንደሆነ ነግሮኛል፣ ከመስጊዱ በስተቀኝ። ብልጭ የሚለውን ሁሉ ያ ነው እላለሁ። ልውረድ እላለሁ፣ መውረዱማ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ጉልበት የሚያስከዳው። ጉልበት አጥቼ አይደለም። ወርጄ አንድ ትሪ ላይ ከበላሁ በኋላ ተመልሼ የምወጣ አይመስለኝም።

አሁን እትዬ ወደ ጠዋት ሽፍት ተዛውረዋል። የሶዶው ልጅ ሥጋውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ጥጉ ጋ ነኝ። ሽሮዬን እቀበላለሁ፣ ከኔ በኩል ያለውን እበላለሁ፣ ከቆለኛው በኩል ያለውን አልነካውም። የክበቧ ሴትዮ «ቀኖናው አላለቀም?» ትለኛለች፣ አላለቀም እላታለሁ፣ አሁን መሳቁንም ትታዋለች።

ባለፈው ማክሰኞ የሰው ሀብቷ ኃላፊ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከላይ ከቢሮ ወረደች። ለካ እዚያ በሯን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትበላው። ክበቡን ቃኘች፣ ሁሉም ከየቡድኑ ነው፣ ቆማ ቀረች። ከዚያ እኔ ጋ መጣች።

«ይሄ ቦታ ሰው አለው?» አለችኝ።

«አለው» አልኳት።

ልትመለስ ስትል ፊቷን አየሁት፣ ያኔ በር ላይ የቆለኛው ፊት እንደነበረው ነው። «ዛሬ ግን አልመጣም፣ ተቀመጪ እህቴ» አልኳት። ተቀመጠች። ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ምስር ነው። ሳልጠይቃት ሽሮዬ ላይ ገለበጠችውና እጇን ዘረጋች።

ከሱ በኩል ጀመረች። ልከለክላት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ተውኩት።