የአባባ ስም በትኬቱ ላይ

አባባ ኳስን ለአርባ ዓመት የተከታተሉት በሬዲዮ ነው። ተማሪ ሆነው ፍራንክፈርት ከመጡ ጀምሮ የከተማዋን ቡድን ተጫዋቾች በስም ይጠራሉ፤ ስታዲየም ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ዘንድሮ «ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም አንድ ጨዋታ አሳየኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። በኢንተርኔት ስንት ሰዓት ወረፋ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ፣ መጀመሪያ የቡድኑ አባል ሁን ተባልኩ። የአባልነቱን ከፍዬ ስመለስ ትኬቱ አልቋል። ሌላ ድረ ገጽ ላይ ግን ያው ወንበር በአራት እጥፍ ዋጋ ተደርድሯል። አልቋል የተባለው ትኬት በየት በኩል ዞሮ እዚያ ደረሰ? ማን ለማን እንደሚያቀብል ባላውቅም፣ የሆነ ነገር ሸቶኛል።

በመጨረሻ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ሁለት ትኬት በገዛበት ዋጋ እንደሚሸጥ ያወጣውን ማስታወቂያ አየሁ። በገዛበት ዋጋ! ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ። ኖርድኤንድ ሰፈር አንድ ካፌ ቀጠርኩት። ትልቅ ሰው ሲያይ ለማታለል ያፍር ይሆናል ብዬ አባባንም ይዤ ሄድኩ። ስልኩ ላይ ያሉትን ትኬቶች እያገላበጥኩ እንደ ፖሊስ በጥያቄ አጣደፍኩት።

ሰውየው ታግሶ መለሰልኝና ትኬቶቹን በስማችን ለማዛወር መታወቂያችንን ተቀበለ። አንዴ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«አባትና ልጅ ነን አላላችሁም? ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?»

ስልኩን ወደ ራሱ ሳበ። አትርፈን ልንሸጠው የመጣን ነጋዴዎች መስለነዋል። ደሜ ፈላ። ሰው ስጠረጥር የከረምኩት ሰውዬ፣ ተጠርጣሪው እኔው ሆኜ አረፍኩ!

አባባ ግን ሳቁ። «እኛ አገር ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። የእኔ የራሴ ስም ለእሱ የቤተሰብ ስም ነው» አሉና ስማቸውን በጣታቸው ሊያሳዩት ሞከሩ። ጣታቸው የትውልድ ቀናቸው ላይ አረፈ። እጃቸውን ይዤ ወደ ስማቸው መለስኩት። ሰውየው ሁለቱን መታወቂያ አስተያየና ይቅርታ ጠይቆ ትኬቶቹን አዛወረልን።

የጨዋታው ዕለት እንኳ በሩ ላይ የትኬት ማረጋገጫው አረንጓዴ መብራት እስኪበራ አላመንኩም። ገብተን ተቀመጥን። ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ኳሷ ማን ጋ ናት?»

«ይኸው ፊት ለፊታችን! አትታይዎትም እንዴ?»

«ሜዳው ይታየኛል። ትንንሹ ነገር ግን ከፋሲካ ወዲህ የለም። ብነግርህ ትኬቱን ትተወው ነበር።»

ያንን ሁሉ ሰው ስጠረጥር እሳቸውን አልጠረጠርኩም። እንባዬ መጣ። ጠርጌው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ሬዲዮ ሆንኩላቸው።