አርባ አንደኛው መርጃን

ባለፈው ዓመት የልጄ የሀናን ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎባ ገበያ ላይ የደረሰብኝ ነው። እስከ ዛሬ ቀይ ዶቃ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ሴት ትዝ ይሉኝና ደስ ይለኛል።

ሮቤ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። እናቴ፣ እኛ «አዮ» ነበር የምንላት፣ ወደ አኼራ ስትሄድ የመርጃን ሐብሏን ለእኔ ተወችልኝ። መርጃን ከባሕር የሚወጣ ቀይ ዶቃ ነው። አዮም እኔም ስንዳር ያጠለቅነው ይኸው ሐብል ነው። ሀናንም በእሱ እንድትዳር አዮ አደራ ብላኛለች።

እኔና አዮ በዚህ ሐብል እንጣላ ነበር። ራሷን ቅቤ በተቀባች ቁጥር ከመዳፏ የተረፈውን ለመርጃኑ ትቀባዋለች። እኔ ደግሞ የንጽሕና ነገር አያስችለኝም። «አዮ፣ ዕቃውን እኮ አበላሸሽው፣ ሸተተ» ስላት፣ «መርጃን ይጠማዋል፣ አንቺ ምን ጨነቀሽ?» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ አሁን የሚቆጣኝ የለም ብዬ ሰርጉ ሲቃረብ ሐብሉን በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ዘፍዝፌ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። ፍሬውንም ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ ነው። ሲደርቅ ግን ቅቤው ለቅቆት ገረጣብኝ። በዚህ መልኩማ ለሰርግ አይሆንም አልኩና፣ መሐል መሐሉ የሚገቡ ደማቅ ፍሬዎች ልገዛ በነጋታው ሐብሉን ይዤ ጎባ ሄድኩ።

ገበያው ውስጥ ዶቃ የሚሸጡ፣ ከጊኒር የመጡ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ። ፊታቸው ባለው ትሪ ላይ ቀይ ዶቃ ተቆልሏል። «እውነተኛ መርጃን ነው?» አልኳቸው።

«እውነተኛውማ እጅሽ ላይ ያለው ነው፣ ልጄ። የኔው ብርጭቆ አለበት፣ ቀለም የተነከረም አለበት። አልዋሽሽም» አሉኝ።

«የእናቴ ነው፣ ልጄ ልትዳርበት ነው» ብዬ ቀለሙን ለማስተያየት ሐብሉን ትሪው ላይ ዘርጋ ሳደርገው ክሩ ተበጠሰ። ለካ ያን አሮጌ ክር ሳሙናው ጨርሶታል። የአዮ መርጃን ዓይኔ እያየ ቀይ ክምር ውስጥ ገባ።

የሁለት ትውልድ አደራ በገዛ እጄ ትሪ ላይ በተንኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ እዚያው ተንበርክኬ ደማቅ ደማቁን መልቀም ጀመርኩ።

«ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በይ!» ብለው እጄን ያዙኝ። «የምትለቅሚው ሁሉ የኔ ነው። ያንቺው እንዲህ እኩል አይቀላም። አንዱ ጎኑ ነጣ ይላል፣ ቀጫጭን መስመርም አለው።»

ትሪው ላይ ሻርፕ አለበሱና ለመጣው ገዢ ሁሉ «ዛሬ አልሸጥም» ይሉ ጀመር። በገበያ ቀን! መጀመሪያ እያንዳንዱን ፍሬ ወደ ፀሐይ አንስተን ብርሃን የሚያሳልፈውን ብርጭቆ ለየን። ከዚያ ጎረቤታቸው ካለችው የቅባት ሻጭ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለምነው፣ ጥጥ እያስነኩ የቀረውን አሹት። ጥጡ ሲቀላ «የኔ ነው» እያሉ ወደ ጎን ይጥላሉ። ደግሞ ወዲያው፣ «ይኼም አያስተማምንም፣ አንዳንዱን ቀለሙ እንዳይለቅ ላይ ላዩን ይለብጡታል» አሉ።

እውነትም ከአንድ እፍኝ የሚበልጥ ፍሬ የማን እንደሆነ ሳይለይ ቀረ። ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና፣ «እናትሽ ቅቤ ትቀባው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ውርደቴን ምን ልበላችሁ። «ትቀባው ነበር። እኔ ነኝ በሳሙና ያጠብኩት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ከሻርፓቸው ጫፍ መርፌ ነቀሉና በአንዱ ፍሬ ቀዳዳ ውስጥ አዞሩት። የመርፌው ጫፍ ላይ ቡና ዓይነት የሆነ፣ የደረቀ ቅቤ ወጣ። «ሳሙናሽ እዚህ አልደረሰም» አሉኝ። አሸተትኩት። የአዮ ራስ ጠረን ነው። ስንት ዓመት የተጨቃጨቅኩበት ጠረን፣ ገበያ መሐል ቁጭ አድርጎ አስለቀሰኝ። እሳቸውም ቀዳዳውን በመርፌ እየወጉ፣ ቅቤ ያለበትን ወደ እኔ፣ የሌለበትን ወደ ራሳቸው ያደርጉ ነበር።

የአስር አዛን ሲል አርባ ፍሬ ደረስን። አንዷ የለችም። ዝናቡም መጣ። አርባውን በአዲስ ክር ሰክተው ሰጡኝ። ቦርሳዬን ስከፍት እጄን መለሱና፣ «ሙሽሪትን አላህ ይባርክልሽ። ሱቅሽ የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፣ ቤት ገብቼ ትሪውን እንደገና አየዋለሁ» አሉ። ነገርኳቸው እንጂ ተስፋ አልነበረኝም። ያ ሁሉ ገበያተኛ በረገጠው ጭቃ ላይ አንዲት ፍሬ ምን ትገኛለች?

በሰርጉ ዕለት ጠዋት አንድ የጎባ ሚኒባስ ሾፌር ሱቄን አፈላልጎ፣ «የጊኒሯ ሴትዮ ልከውልሽ ነው» ብሎ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ወዝቷል። ስፈታው አርባ አንደኛዋ መርጃን ናት፤ አዲስ ቅቤ ቀብተዋታል።

የቀሩትንም ከጓዳ ቅቤ አምጥቼ በእጄ ቀባኋቸው። ሀናን ስታጠልቀው አፍንጫዋን ያዘችና፣ «እማ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ» አለችኝ።

«ይጠማዋል፣ አንቺ ምን ጨነቀሽ?» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

ከሰርጉ በኋላ ላመሰግናቸው ጎባ ተመለስኩ። ሳላስበው «አዮ» ብዬ ጠራኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ለእኔ እሱ ነው፣ በየገበያው ቀን ሳልጠይቃቸው አልውልም። ሰው በገዛ ገበያው ላይ ዘግቶ፣ ለማያውቀው ሰው ዶቃ ሲለቅም የሚውል ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። በዚያ ቅቤ ስንት ዓመት እናቴን እንዳስቀየምኳት፣ አፉ በይኝ ሳልላት እንደሞተች ነገርኳቸው። ዶቃቸውን መሰካታቸውን ሳይተዉ ሰሙኝ።

«ቅቤውን እየቀባች፣ ሲጠፋብሽ የምታገኚበትን ምልክት ትታልሽ ነው የሄደችው» አሉኝ። «አፉ ብላሻለች።»