ካምፓላ ያስነቀልኋት የላይኛዋ ጥርስ

ከባሕር ዳር የወጣሁት አንድ ጉንጬ አብጦ ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያ የሸኘችኝ እቴቴ ናት። እቴቴ የምላት ታላቅ እኅቴን ነው፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔን ለመሸኘት ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ፣ በጀልባ መጥታ እኔ ዘንድ ነበር ያደረችው። አውቶቡሱ ሞተሩን ካስነሣ በኋላም በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ፣ «አደራህን፣ በሰው አገር እንዳታስነቅለው። የላይኛው ነው» ትለኛለች።

ይህን ያስተማርኋት እኔው ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ደጅ፣ ፔዳ በር ላይ ስምንት ዓመት መፋቂያና ቅርንፉድ ስሸጥ፣ ጥርሱን ይዞ የመጣ ሰው ወደ ሐኪም እንዳያመልጠኝ አንድ ነገር እል ነበር፤ የላይኛው ጥርስ ሥሩ ዓይን ድረስ ነው፣ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል። አልፈጠርሁትም፣ ከሰው የሰማሁት ነው፤ ግን እንደ እኔ ያሠራበት የለም። ተማሪው ይስቃል፣ እናቱ ትገዛለች። ኋላ መንገዱ ሲዘጋጋ መፋቂያው ከዱርቤቴ መምጣት አቃተው፣ እኔም ባዶ መደብ ከምጠብቅ ብዬ ወደ ካምፓላ ተነሣሁ።

ድንበር ላይ ያለው ሹም ፓስፖርቴን አየ፣ ጉንጬን አየ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው አለ። ጥርስ ነው አልሁት በአስተርጓሚ። ሻንጣዬን ከፍቶ ከመደቤ የተረፈኝን ያን ሁሉ የመፋቂያ እስር ሲያይ ምንድን ነው አለኝ። የጥርስ ማጽጃ ነው አልሁ።

«ይህን ሁሉ ይዘህ ነው እንዲህ የሆንኸው? ፊትህ ወደ ፎቶው ሲመለስ ና» ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

አልጋ ቤት ተጋድሜ ሦስት ቀን ቅርንፉድ ነከስሁ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ጠፋ፤ ዳንሁ ብዬ ተሻገርሁና አንድ አገር አቋርጬ ካምፓላ ገባሁ። ውስጡ የሞተ ጥርስ ዝም እንደሚል፣ ዝምታውም መዳን እንዳልሆነ ያኔ ማን ነግሮኝ።

ካምፓላ ሹፌሩም ሌባውም «ሴቦ» ይልሃል፤ ጌታዬ ማለት ነው። ባገሬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ማቶኬ የሚሉት ሙዝ አለ፣ ቀቅለው ጨፍልቀው ያቀርቡታል፤ ሲያዩት ክክ ወጥ ይመስላል፣ አፍ ሲገባ ድንች ነው። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ጋባ ከሚሉት የሐይቅ ዳርቻ ወርጄ የጣናችንን ዓሣ፣ ቀረሶን፣ በላሁ፤ እነሱ ንጌጌ ይሉታል። ዓሣው ያው ነው። ውኃው ላይ ግን ዓይኔ ገዳም ያለበት ደሴት ሲፈልግ ዋለ።

ከዚያ ጥርሱ ተነሣ። አከራዬ ማማ ሩት ሦስት ሌሊት ሙሉ በግድግዳው ማዶ ሳቃስት ሰማችኝ፤ በአራተኛው ጠዋት በሬ ላይ ቆመች።

«ወይ ጥርሱ ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ።»

ዓይኔ ይጠፋል አልኋት።

«የጠፋ ዓይን አያቃስትም» አለችና ቦዳ ቦዳ ጠርታ ከሞተረኛው ኋላ አስቀመጠችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስትነቅል ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ያዝሁት፣ አብሮ እንዳይከተል። ሲያልቅ ግራዬን ጨፍኜ በቀኙ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብሁ፣ ከዚያ ቀኙን ጨፍኜ በግራው ደገምሁት። ምን እየሠራህ ነው አለችኝ። ነገርኋት። አልሳቀችም። የጥርሱ ሥር እዚያው አጥንቱ ውስጥ ያልቃል፣ ዓይን ጋ አይደርስም አለች። ወደ ዓይን ሊወጣ የሚችለው ሳይታከም የተተወ መግል ነው።

ይህን ስትል ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እቴቴ በዚያው ሳምንት ደውላ ላይኛው ጥርሷ አሟት ጉንጯ ማበጡን ነግራኝ ነበር። እንደ አንተ ቅርንፉድ ይዣለሁ ስትለኝ ጎሽ ብዬ ነው የዘጋሁት።

ጥጡን እንደነከስሁ ወደ ልጇ ስልክ በምስል ደወልሁ። እብጠቱ ወጥቶ ግራ ዓይኗን ሊዘጋው ደርሷል።

«አስነቀልሁት እቴቴ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ነገ ባሕር ዳር ተሻገሪና ሐኪም ቤት ግቢ።»

«እስቲ ይሄ ስንት ነው?» ብላ ጣቷን አነሣች።

ምስሉ ቀጥ አለ። የማየው ሁለት ጣት ነው፤ ሁለት አልሁ። ምስሉ ሲላወስ አራት ሆኖ ተገኘ።

«ወንድሜን» አለች፣ ቀስ ብላ።

ኔትወርኩ ነው ብል አልሰማ አለች። የነጠላሽ ጥለት አረንጓዴ ነው አልኋት። አንተው አይደለህ ገዝተህ የሰጠኸኝ አለችኝ። «ዓይን የሚጠፋው ቀስ እያለ ነው ያልኸኝ አንተ ነህ» ብላ በምትከፈተው አንድ ዓይኗ ለእኔ ታለቅስ ጀመር።

«ለገበያዬ ብዬ ነው ያልሁሽ» አልሁ። መስመሩ ተቋረጠ። ትስማው አትስማው አላውቅም።

ፔዳ በር ከእኔ የገዛችሁ፣ መፋቂያው ጥርስ ያጸዳል፣ ተጠቀሙበት። ወሬውን ግን መልሱልኝ። ቁንዝላ የምታልፉም ካላችሁ ወደ እቴቴ ቤት ጎራ በሉ፤ ዓይኑ ደህና ነው በሏት።

ከነጋ ጀምሮ እየደወልሁ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ጣና መሐል ኔትወርክ የለም። አይሠራም ባለኝ ቁጥር ጀልባ ላይ ናት እላለሁ፣ ጥቂት ቆይቼም መልሼ እደውላለሁ።