ባል ሦስተኛ ወገን ነው እንዴ?

አዳማ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በተጣበቀች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ፍቺው፣ የቤት ኪራዩ፣ የወሰን ክርክሩ፣ የመኪና ሽያጩ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። የሰው ውሸት ስተይብ ስለኖርኩ ውሸታም ገና ከበሩ ሲገባ አውቀዋለሁ። የግላዊነት ፖሊሲ የሚባል ነገር ግን ያ ሰውዬ እስኪመጣ ድረስ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ድሮ የቤት ደላላ ነው። የሰው ቤት ቁልፍ እያንቀጫቀጨ በየሰፈሩ ሲዞር ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። አሁን የቤት ሠራተኛና ሞግዚት ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኝ ዌብሳይት ከፍቶ "ዋና ሥራ አስኪያጅ" ሆኗል። ትልቅ የቆዳ ወንበርም ገዝቷል፤ እንዳይቆሽሽበት የመጣበትን ላስቲክ አላነሣም። በተነቃነቀ ቁጥር ወንበሩ ይንጫጫል።

"እህቴ፣ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ" አለኝ። "ማስታወቂያዬን የሚያወጡልኝ ፈረንጆች ፖሊሲ ከሌለህ አናወጣም ብለዋል።"

"ምን የሚል ፖሊሲ?"

"ያው፣ ምስጢር እንጠብቃለን ምናምን የሚል። አሳምሪው ብቻ፤ ማንም አያነበውም።"

ናሙና ብሎ ያመጣው ወረቀት የአንድ የውጭ አገር ሆቴል ነበር፤ በማሽን ወደ አማርኛ ተገልብጧል። በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ስላሉት ካሜራዎች አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው። "መዋኛህ የት ነው?" ስለው አላፈረም። "እሱን ተይውና ስሙን ብቻ ቀይሪልኝ" አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ሰው ነው።

"ከሰው የምትሰበስበው መረጃ ምን ምን ነው?" አልኩት።

"ምንም! እኔ የሰው ነገር አልሰበስብም።"

ዌብሳይቱን እዚያው ፊቱ ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ሴቶቹ ከእግር እስከ ራሳቸው ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። ከየፎቶው ሥር የቀበሌ መታወቂያቸው አለ፣ ፊቱም ጀርባውም። ሃይማኖታቸው፣ የትውልድ ቦታቸው፣ የተያዣቸው ስልክ ሳይቀር ተጽፏል። የሰው ቤት ለመቀጠር ዋስ የሚሆን ተያዥ ማቅረብ ግድ ነውና፣ አንዷን የሚፈልግ ሰው የዘመዶቿንም መንገድ አብሮ ያገኛል።

"ይኼስ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ይኼማ መረጃ አይደለም" አለኝ፣ ሞኝነቴ እያሳዘነው። "ይኼ እኮ ዕቃዬ ነው።"

ዕቃዬ! አፉን ሞልቶ ነው ያለው። ሂድልኝ ልለው ነበር። ነገር ግን እኔ ብተወው ያንን የመዋኛ ወረቀት ይለጥፈዋል። እልህ ያዘኝና ተቀምጬ ደህና አድርጌ ጻፍኩት። ማንኛዋም ሴት ፎቶዬ ከዌብሳይቱ ይነሣልኝ ካለች በዚያው ቀን ይነሣል። መታወቂያ በይፋ አይለጠፍም። የማንም አድራሻ ያለ ራሷ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም። በተራ አማርኛ ነው የጻፍኩት፣ የቤት ሠራተኛዋ ራሷ እንድታነበው።

ሳምንት ሳይሞላ የኦሮምኛውን ቅጂ ይዤ ቢሮው ስሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ፖሊሲዬን በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ሰቅሎታል! ማኅተም ሁሉ መትቶበታል። ዌብሳይቱ ላይ ደግሞ መታወቂያዎቹ እንዳሉ ናቸው። "አየሽው? ግርማ ሞገስ ሰጠው" አለኝ። ወንበሩ ተንጫጫ።

ይህን እያለኝ አንዲት ሴት በሩን አንኳኩታ ገባች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመቂ ልጅ ናት፤ እሱ ባገኘላት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጥራለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባዋለች።

"ጋሼ፣ ፎቶዬን ከዌብሳይቱ ያንሡልኝ ብዬዎት ነበር" አለች።

"ምን ሆንሽ? ታምሪያለሽ እኮ!"

"ሻሸመኔ ያለው ባሌ እየፈለገኝ ነው። ስልክ ይዟል፤ ያየኛል።" ቀኝ እጇን ከነጠላው አወጣችው። አንጓው ላይ ተጣሞ የገጠመ ነው፤ አይዘረጋም። "ይኼን ያደረገኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ካገኘኝ አይምረኝም።"

"እሺ፣ እሺ። ዌብሳይቱን የሚሠራልኝ ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ ሲመጣ ያነሣዋል። ሂጂ፣ አታስቢ።"

እንደወጣች አፈጠጥኩበት። "ዛሬውኑ አንሣው! እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፏል እኮ።"

ሳቀብኝ። "እህቴ፣ አንቺ ንግድ አታውቂም። ስልክ የምታስደውልልኝ እሷ ናት። ሰው እሷን አይቶ ይደውላል፤ እኔ ተይዛለች እልና ሌላዋን እሰጠዋለሁ።" ወዲያው ገባኝ። የተከራየ ቤት እያሳየ ሌላ ቤት ሲያከራይ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን በቤቱ ፋንታ ሴት አስቀመጠ። ከዚህ በፊት ብዙ ሰው ንቄያለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ጥርሴን እስኪያመኝ ነክሼ አላውቅም።

ነገሩ አላስተኛኝም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ፤ ፎቶው ሳይነሣ ላልወጣ ነው። ስገባ ስልክ ይዟል። "አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ!" ይላል በኦሮምኛ፣ እንደምን ነህ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ፊቱ በፈገግታ ወዝቶ። ቀጥሎ ወደ አማርኛው ገባ። "አዎ፣ እኛ ነን ያስቀጠርናት። ውይ፣ እግዚአብሔር ይማርልን! ጻፍ እንግዲህ። ከመናኸሪያው ወደ ታች፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ አረንጓዴ በር ያለው ፎቅ። ኧረ ምንም አይደል ወንድሜ! ቢቸግርህ ወደዚህ ወደ ቢሮው ና።"

ስልኩን እንደዘጋ ጠየቅሁት። "ለማን ነው የነገርከው?"

"ለባሏ ነዋ። እናቷ ታማባት ሊወስዳት እየመጣ ነው፤ ሞጆ ደርሷል። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ!"

"አንተ ሰውዬ! እጇን አላየህም? እዚህ፣ ጭንቅላትህ ላይ፣ ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም ተብሎ ተሰቅሏል!"

ወደ ፍሬሙ ዞሮ አየ። ከልቡ ግራ እንደተጋባ እምላለሁ። "እሱማ ለባዳ ነው። ባል ሦስተኛ ወገን ነው እንዴ? ቤተሰብ ሲጠይቅ አላውቅም ማለትማ ነውር ነው።"

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ዘመዷ ነኝ ላለ ሁሉ የሰው ቤት እስከ ጓዳው ድረስ የሚጠቆመው እዚህ አገር ነው፤ ስሙ ጨዋነት ይባላል። አሳዳጅም ይህን ስለሚያውቅ በሰላምታ ይጀምራል። እኔ ሞኟ ደግሞ አንድ ቃል ጽፌ ልከለክለው ኖሯል። አፈር ብላ ብዬው ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። አረንጓዴውን በር ስደበድብ የከፈተችው ራሷ ናት፤ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር መሰል ዓይኗ ቀልቷል።

"እህቴ፣ ባልሽ አድራሻሽን አግኝቷል። ሞጆን አልፏል። እናትሽ ታመዋል ብሎ ነው የጠየቀው።"

ፈገግ አለች፤ እንደዚያ ያለ ፈገግታ ለጠላቴም አይስጠው። "እናቴ ከሞተች ቆየች። አፈር ያለበሳት እሱ ራሱ ነው" አለችኝ።

አላለቀሰችም፤ ለምን እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። ገብታ አንድ ፌስታል ይዛ ወጣች። ያችን ፌስታል አስቀድማ አዘጋጅታት እንደነበር ገባኝ። ያን ቀን "ሲመጣ ያነሣዋል" ስትባል አላመነችም ነበር። ባጃጁ ውስጥ ገባች፤ እኔም በልማድ አፌ ቀደመኝ።

"ወዴት ነሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ቁጣ የለውም፣ ወቀሳም የለውም፤ ብቻ አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን ስባ ሾፌሩን በደህናው እጇ ነካ አደረገችውና ሄዱ። እኔ ሌላ ባጃጅ እስኪገኝ አቧራው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ክፍሌ ገብቼ ትንሽ እንደቆየሁ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ነው። ከጀርባው የወንበሩ ላስቲክ ይንጫጫል፤ የሻይ ማንኪያ ድምፅም ይሰማል።

"ባሏ መጥቷል" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤቱ ሄዶ አጣት። እዚሁ ከፖሊሲው ሥር ተቀምጧል፤ ሻይ አዝዤለታለሁ። ያሳዝናል እኮ። የት እንደሄደች አንቺ ታውቂያለሽ፤ በሞቴ ንገሪኝ።"

"አላውቅም" አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ውሸት ስተይብ ኖሬያለሁ፤ እሱም እየዋሸሁ መሰለው። እውነቴን ነበር።